የአባቱን ጉድጓድ የጠረገ ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ሰው ሲሞትብን «ነፍሱን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» እንላለን። ከለቅሶ ቤት ስንወጣ ሁላችንም ብለነዋል። ግን ያ ይስሐቅ ራሱ፣ አባቱ የሞተበት ዕለት ምን አደረገ? ከዚያስ በኋላ?

ይህን የምጽፈው የአያ ሙት ዓመት ስለ ደረሰ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። በሕይወት ሳሉም በስብሰባ ላይ ሲመሰገኑ ተነሥተው ይወጡ ነበር። ካህን አልነበሩም፤ የሰንበቴ ማኅበርተኛ የሆኑ ገበሬ ነበሩ። ግን እዚህ ጮቄ ተራራ ግርጌ በምንኖርበት ቀበሌ፣ የእጅ ፓምፑም፣ የእርከኑ ሥራም፣ የወል ግጦሹ ጥበቃም በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው።

የጮቄ ግርጌ ሰው ውኃ ቸገረው ሲባል ሌላ አገር ያለ ሰው ይገርመው ይሆናል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ለእኛ ነው። በአካባቢያችን ከጮቄ የማይነሣ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ግን ቁልቁል ወደ ዓባይ ይሮጣል። እናቶቻችን ደግሞ ጀሪካን አዝለው ሽቅብ ይወጣሉ። አያ ኮሚቴ ያቋቋሙት፣ ሰዉን በደቦ ያስወጡት፣ ድንጋይ ያስጓዙት ይህን አይተው ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ፓምፑ የተተከለ ቀን እልል ተባለ። አሁን ያ ፓምፕ አንድ ባልዲ ለመሙላት ክንድ ያዝላል።

ወደ ይስሐቅ ልመለስ። አብርሃም ሲያርፍ ይስሐቅና እስማኤል በአንድነት ቀበሩት (ዘፍ. 25፥9)። ተለያይተው የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ለአባታቸው ቀብር ግን ተገናኙ። ስለዚህ መጽሐፍ ቀብርንም ሐዘንንም አይንቅም። ቆይቶ ግን እንዲህ ሆነ። ፍልስጥኤማውያን ቀንተው፣ የአብርሃም ሎሌዎች የቆፈሯቸውን ጉድጓዶች ሁሉ አፈር ሞልተው ደፈኗቸው። ይስሐቅም እነዚያኑ ጉድጓዶች እንደገና ቆፈራቸው። አባቱ በጠራቸው ስምም ጠራቸው (ዘፍ. 26፥15-18)።

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ይስሐቅ ድሀ አልነበረም። በዚያው ዓመት ዘርቶ መቶ እጥፍ አፍሷል። ቢፈልግ የድሮውን ትቶ አዲስ ብቻ እያስቆፈረ በራሱ ስም ማስጠራት ይችል ነበር። እሱ ግን ከተደፈነው ከአባቱ ጉድጓድ ጀመረ። የድሮውን ስምም አልቀየረም።

እኛ ጋ የሚታየው ተቃራኒው ነው። የመሠረት ድንጋይ ለማስቀመጥ የሚሻማ ሰው ሞልቷል። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል። የነበረውን ፓምፕ ጎማ ልቀይር የሚል ግን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ለዚህ ማን ፎቶ ያነሣዋል?

ደግሞም ጉድጓድ ለመድፈን የግድ ፍልስጥኤማዊ አያስፈልግም። የእኛን ማንም ቀንቶ አልደፈነውም። በየወሩ የሚዋጣው ብር መጀመሪያ ዘገየ፣ ከዚያ ቀረ። ዘበኛው ሳይከፈለው ሲቀር ሄደ። አጥሩ ፈረሰ፣ ከብት ገባ። አፍሪዴቭ የሚባለው ይህ የእጅ ፓምፕ የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ጉድጓድ ውኃ ያወጣል። ነገር ግን ውስጡ ያሉት ጎማዎች ያልቃሉ፤ በጊዜ ካልተቀየሩ እጀታው ይወርዳል ይወጣል እንጂ ውኃ አይመጣም። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ደግሞ መለዋወጫ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ በፈለግነው ቀን አይደርስም። ስለዚህ ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አያ ያስቀምጡ ነበር።

አያ የጎደላቸው ነገር እንደነበረ ብናገር የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። መዝገቡ በእሳቸው ቤት ነበር። መፍቻው ከአልጋቸው ሥር ነበር። ማን ከፍሏል፣ ማን ቀርቶበታል፣ ሁሉም በእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ነበር። እኛም ተመቸን። «አያ አሉ» እያልን ዝም አልን። ሙሴ እንደሚሞት ባወቀ ጊዜ ያሰበው ለሕዝቡ ነው። ሕዝቡ እረኛ እንደሌላቸው በጎች እንዳይሆኑ በማኅበሩ ላይ ሰው ሹም ብሎ እግዚአብሔርን ጠየቀ (ዘኁ. 27፥16-17)። ኢያሱም ሙሴ ሳይሞት በማኅበሩ ሁሉ ፊት ተሾመ። እኛ ጋ ይህ ሳይደረግ ቀረ።

«ይህ ሥጋዊ ነገር ነው፣ የልማት ጉዳይ ከመንፈሳዊ ትምህርት ምን አገናኘው?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ይስሐቅ ቤርሳቤህ ሲደርስ ያደረገውን ያንብብ። መሠዊያ ሠራ፣ የእግዚአብሔርን ስም ጠራ፣ ድንኳን ተከለ። በዚያው ስፍራ ሎሌዎቹ ጉድጓድ ቆፈሩ (ዘፍ. 26፥25)። ጸሎቱ፣ ቤቱና ውኃው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። በእኛ ዘመንም አይተናል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ወጡ። በመንገድ በረሃብ ያለቀ ሕዝብ አገኙ። ሲመለሱ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ገቡ። ከዚያ የተነሣው ሥራ ብዙ ሺህ ልጆችን አሳደገ። እሳቸው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም በስማቸው የቆመው ድርጅት ሥራውን ቀጥሏል። ተሳላሚ ነበሩ ወይስ የልማት ሰው? እኔ መለየት አልችልም።

ጠብም ይኖራል፣ ይህን አልደብቅም። ይስሐቅ ከአባቱ ጉድጓዶች ሌላ አዲስ ሲያስቆፍር፣ በመጀመሪያው ላይ የጌራራ እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሉት። ሁለተኛውን ቆፈረ፤ በእሱም ተጣሉት። ትቶላቸው ሄዶ ሦስተኛውን ቆፈረ። ከኋላ የፍልስጥኤማውያን ንጉሥ አቢሜሌክ ራሱ ሊታረቅ መጣ። ይስሐቅ አበላው፣ አጠጣው፣ ማለዳ ተማምለው ተለያዩ። በዚያው ቀን ሎሌዎቹ መጥተው «ውኃ አገኘን» አሉት (ዘፍ. 26፥32)። እኛ ጋም የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በተራ ጉዳይ ይነታረካሉ። አያ ሽማግሌ ይዘው ሁለቱንም ሰፈር በአንድ ገበታ ያስቀምጡ ነበር። ከሥራቸው ሁሉ የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ለጎማው ባለሙያ ይገኛል፣ ለዚህ ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ነው የሚፈለገው።

ተዝካር አይውጣ እያልኩ አይደለም። ፍትሐቱም፣ ቅዳሴውም፣ ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋትም የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። «የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል» ተብሏል (መዝ. 111፥6)። ሐዋርያው ግን ዋኖቻችሁን አስቡ ብሎ አላቆመም፤ የኑሮአቸውን ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሏቸው አለ (ዕብ. 13፥7)። እዳ ገብቶ ድንኳን ሙሉ ሰው አብልቶ፣ በማግስቱ የሟቹ ጎረቤት የወንዝ ውኃ ስትቀዳ ማየት ያሳዝናል።

ከአያ ቤተሰብ ጋር ተነጋግረናል። ልጆቻቸው ለግብዣ ካሰቡት ግማሹን ለመለዋወጫ ይሁን ብለዋል፤ ጸሎቱና የነዳያን ምሳ እንዳለ ሆኖ። ሰንበቴውም ሁለት ሴት ልጆች ፓምፕ መጠገን እንዲማሩ ተስማምቷል። ሴቶች የተመረጡት ፓምፑ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ነው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ እየተገለበጠ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ኮሚቴው ጋ ይቀመጣል።

መፍቻው አሁን የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ቤት ነው። የቀረባችሁ መዋጮ ያለባችሁ ለእሳቸው ስጡ፤ ማንም አይወቅሳችሁም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጥሩን እንሠራለን። ችካል ተቆርጧል፣ ሚስማር ግን አይበቃም። መዶሻም ሚስማርም ያለው ይዞ ይምጣ፤ የታች ሰፈር ሰዎችም እንዳትቀሩ።