ኤስቪሲሆስት ምንድን ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ጎራ ብላችሁ ትንሽ ብትቀመጡ ይህን ወሬ መስማታችሁ አይቀርም። አንዱ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣና «ቫይረስ ሳይገባበት አልቀረም፣ ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ምን አይተህ ነው ሲባል እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀር ይከፍታል። ከላይ እስከ ታች የተደረደረው አንድ ስም ነው፦ ኤስቪሲሆስት (svchost.exe)።

ቫይረስ አይደለም። የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ሲዘረዘር ሰርቪስ ሆስት ይባላል። ዊንዶውስ እኛ ሳናየው ብዙ ሥራ ይሠራል። ዋይፋይ ያገናኛል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ሰዓት ያስተካክላል፣ አፕዴት ያወርዳል። ከእነዚህ ሰርቪሶች ብዙዎቹ ዲኤልኤል በሚባል ፋይል ውስጥ የተቀመጡ ናቸው። ዲኤልኤል ደግሞ በራሱ አይነሳም፤ የሚጭነው ይፈልጋል። ኤስቪሲሆስትን ባጃጅ፣ ሰርቪሶቹን ተሳፋሪ አድርጋችሁ አስቡት።

ድሮ አንዱ ባጃጅ ብዙ ተሳፋሪ ይጭን ነበር። ታዲያ አንዱ ሰርቪስ ሲበላሽ አብረውት የተጫኑትም ይወድቁ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ይህ ተቀየረ። ራሙ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ በሆነ ኮምፒውተር ላይ አብዛኞቹ ሰርቪሶች ለየብቻቸው እንዲጫኑ ተደረገ። ስሙ የበዛው ለዚህ ነው። ከ50 በላይ ሆኖ ብታዩትም አትደንግጡ።

ግን ስሙን ለብሶ የሚመጣ ተንኮለኛ ፕሮግራም አለ። ፍላሽ ከማተሚያ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ግቢ በሚዞርበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ አድራሻውን እዩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ዲቴይልስ» የሚለውን ክፈቱ፤ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በሉ። ሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ሲስተም32 ውስጥ ከወሰዳችሁ ቦታው ትክክል ነው። ዳውንሎድስ ወይም አፕዳታ (AppData) ፎልደር ውስጥ ካገኛችሁት ግን አስመሳይ ነው። ፊደሉንም ልብ በሉ፤ ቪ እና ሲ ቦታ ተለዋውጠው «ኤስሲቪሆስት» ሆኖ የሚመጣም አለ።

አድራሻው ትክክል ሆኖ የተጫነው መጥፎ ሊሆንም ይችላል። በ2008 የተነሳው ኮንፊከር የሚባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ተንኮለኛ ፕሮግራም) እውነተኛው ኤስቪሲሆስት ላይ እንደ ሰርቪስ ይጫን ነበር፤ በፍላሽም ይዛመት ነበር። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው ጸረ ቫይረስ፣ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር፣ ሙሉ ስካን አድርጉ። «ኢንድ ታስክ» እያላችሁ በዘፈቀደ አትዝጉት። ዋይፋዩ ሊቋረጥ፣ ድምፁ ሊጠፋ፣ ሲብስም ኮምፒውተሩ ራሱ ሊዘጋ ይችላል።

ፎርማት ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ባክአፕ ሳይያዝ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የልጆች ፎቶ በከንቱ ጠፍቷል! ያሳዝናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ ሰው በኤስቪሲሆስት በእውነት የሚጎዳው በኢንተርኔት ፓኬጁ ነው። የዊንዶውስ አፕዴት አውራጅ የሚሠራው በእሱ ውስጥ ነው። ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን ስታገናኙ፣ እናንተ አንዲት ኢሜይል ሳታነቡ ጊጋባይቱ ሙልጭ ሊል ይችላል። «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው ሰርቪስ ደግሞ፣ ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መለዋወጥ ከተፈቀደለት የወረደውን አፕዴት ለሌሎችም ይልካል።

መላው ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ክፈቱና «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም። ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ስትደርሱ ግን መልሳችሁ አጥፉትና አፕዴቱን አውርዱ፤ የደህንነት ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእሱ ነው።