«ግጭት የለም» ብሎ ነገር

«ላይብረሪውን ፎርክ ካደረግነው ከእንግዲህ የራሳችን ነው።» ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ የተቀዳ ኮድ እንድመረምር በምጠራበት ቢሮ ሁሉ የምሰማው ይህንኑ ነው። ፎርክ ማድረግ ማለት ሌሎች የጻፉትን ላይብረሪ (ለሌላ ፕሮግራም መሥሪያ የተዘጋጀ ኮድ) ቀድቶ ለብቻ ማሳደግ ነው። አዎ፣ ጣጣውም የራሳችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚመሰጥር ላይብረሪ) የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ማስተካከያውን ዋናው ፕሮጀክት አወጣ። የራሱን ቅጂ ለይቶ የያዘ ግን በራሱ እጅ ማስገባት ነበረበት።

«ፎርክ ጠብ ነው፣ መመለሻ የለውም» ለሚሉት፦ አይኦ.ጄኤስ የተባለው ፎርክ ከኖድ.ጄኤስ (ጃቫስክሪፕት ኮድ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) እ.ኤ.አ. በ2014 ተለይቶ በ2015 ተመልሶ ተዋሕዷል።

ደሜን የሚያፈላው ግን «ጊት ግጭት ካላሳየ ውህደቱ ትክክል ነው» የሚለው ነው። ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ፣ የዋናውን ፕሮጀክት አዲስ ለውጥም ከራሳችሁ ቅጂ ጋር የሚያዋሕድ መሣሪያ ነው፤ «ግጭት» የሚለው ሁለቱ ወገኖች ያንኑ ቦታ በተለያየ መንገድ ሲለውጡት ነው። የሚያወዳድረው የጽሑፍ መስመሮችን እንጂ የኮዱን ትርጉም አይደለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የጊት ዝምታ ግን ይነቅዛል። የደመወዝ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት የውጭ የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ ወስዶ ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ለወጠው፤ ወሮቹን 13 አደረገ፣ የጳጉሜንን 6ኛ ቀንም አልረሳም። ሥራው ንጹሕ ነበር። በኋላ ዋናው ፕሮጀክት ዓመቱን በየወሩ ከፍሎ የሚያቀርብ አዲስ ፋይል ጨመረ፤ ውስጡ 12 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ባዕዳኑ በምን ይወቀሳሉ? ውህደቱ ያለ አንዳች ግጭት አለፈ፤ ጳጉሜን ከነትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ከሪፖርቱ ጠፋች። ስህተቱን ያገኙት በካልኩሌተር የሚደምሩት የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሮ ናቸው። ፕሮግራመሩ አሁንም መዝገቡን ከፍቶ «ይኸው፣ ግጭት የለም» ይለኛል!

ከእያንዳንዱ ውህደት በኋላ የሚሄድ ፍተሻ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ኮድ) ጻፉ። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን፣ የ2016ቷ 5 ቀን ነበራት፤ ሁለቱንም ፈትኑ። የራሳችሁን ለውጥ በትንንሽ ኮሚት (ጊት ለየብቻ በሚመዘግበው የለውጥ ቁራጭ) ለይታችሁ ለምን እንደ ለወጣችሁ ጻፉበት። ለውበት ብላችሁ የሰው ፋይል ከላይ እስከ ታች አታሰናዱ፤ የነካችሁት መስመር ሁሉ ነገ ግጭት ሊሆን ይችላል። ያው ግጭት እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ ሪሪሪ የተባለውን የጊት መሣሪያ አብሩት፤ አንዴ የፈታችሁበትን መንገድ ያስታውሳል።

«ጊዜ ስናገኝ በአንዴ እናዋሕዳለን።» ጊዜ አታገኙም። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር አዋሕዱ።

«ለውጣችንን ለዋናው ፕሮጀክት ሰዎች ብንልክላቸው አይቀበሉንም።» ጳጉሜንን ብቻ ብትልኩ ላይቀበሉ ይችላሉ። የወሮቹን ብዛት ተጠቃሚው እንዲወስን የሚፈቅድ ለውጥ ላኩ፤ የግብፅ ኮፕቶችም 13 ወር አላቸው፣ የዕብራውያን ዘመን አቆጣጠርም አንዳንድ ዓመት 13 ወር ይሆናል። ፍተሻውንም አያይዙ፤ ያለ ፍተሻ የመጣ ኮድ እኔም ብሆን አልቀበልም።