ስሞከሩ አልሞቅ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴ ወንድም ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ስሞከር ሞቷል መሰለኝ። በሩን ከፍቼ ከዘጋሁት ወዲህ ሙቀቱ አልመለስ ብሏል። ልጥለው ነው።»

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በጋ ሲመጣ እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ፍርምባ በጭስ ማብሰል ለምደናል። ጭሱ አዲስ አልሆነብንም፤ የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያየን ነው ያደግነው። አዲስ የሆነብን ስሞከር የሚባለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። ቁመቱ ትንሽ ፍሪጅ ያህላል፣ ታች ሬዚስታንስ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ አለው፣ እንጨቱ ከሬዚስታንሱ አጠገብ ባለች ትንሽ ሳህን ላይ ይጨሳል። ሙቀቱ በወረደ ቁጥር የሚባለውን ብዙ ሰምቻለሁ፤ ግማሹን እኔም ብዬዋለሁ።

«በሩን ከዘጋሁ በኋላ ሙቀቱ ቶሎ ካልተመለሰ ተበላሽቷል»

አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። የተለመደው የቤት ስሞከር 800 ዋት ብቻ ነው። ሀገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3000 ዋት በላይ ይስባል፤ እሱም ቢሆን እንጀራ ባወጣን ቁጥር መልሶ እስኪግል እንጠብቀዋለን። ያውም ሸክላ ስለሆነ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ስሞከሩ ግን ስስ ቆርቆሮ ነው። በሩ ሲከፈት ትኩሱ አየር በሰከንዶች ውስጥ ውልቅ ይላል። ውስጡ ደግሞ ከፍሪጅ የወጣ አራት ኪሎ ስጋ ካለ፣ ሙቀቱን የሚጠጣው እሱ ነው። ወደ 107 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 225 ፋራናይት ለመመለስ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ። ነፋስና ብርድ ካለ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

«ስንቴ ከፈትከው?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «በየሩብ ሰዓቱ... እንዳይደርቅ ውሃ ልርጭበት ብዬ።»

በቃ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሙቀቱ ሊመለስ ሲል ደግሞ ይከፍተዋል። እናቴ እንጀራው ሳይበስል አክንባሎ የሚያነሳ ልጅ ብታገኝ ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። ሽቦ ያለው ቴርሞሜትር ስጋው ውስጥ ሰክታችሁ በሩን ዝጉና ተዉት።

«ቁጥሩን ከፍ ካደረግኩት ቶሎ ይሞቃል»

አይሞቅም። ሬዚስታንሱ የሚያውቀው መብራትና መጥፋት ብቻ ነው። ሙቀቱ ከተሞላው ቁጥር በታች እስከሆነ ድረስ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው፤ ከ800 ዋት በላይ ከየትም አያመጣም። 275 ፋራናይት ላይ አድርጋችሁ ከረሳችሁት ግን ስጋው ይደርቃል። በነገራችን ላይ ሙቀቱ ከሞላችሁት ቁጥር አሥር አሥራ አምስት ፋራናይት ወጣ ወረደ ቢል የቴርሞስታቱ ጠባይ ነው።

«ኤክስቴንሽን ሁሉ አንድ ነው»

ይሄኛው ብዙ ሰው የሚንቀው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። አሜሪካ ያለው 120 ቮልት ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል። 120ው ወርዶ 108 ከደረሰ፣ ቮልቱ የቀነሰው 10 በመቶ ቢሆንም ጉልበቱ ግን ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል፤ 800 ዋቱ 650 ገደማ ይሆናል። ለዚህች ትንሽ ዕቃ ይሄ ብዙ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የገመዱን ሽፋንና የሶኬቱን ጫፍ በእጃችሁ ዳበስ አድርጉ። ከሞቀ፣ ስጋውን ማብሰል የነበረበት ሙቀት እዚያ እየቀረ ነው፤ ለእሳትም ያሰጋል። ከተቻለ ስሞከሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ካልተቻለ አጭር፣ ወፍራምና ለውጭ የተሠራ ገመድ ግዙ። የባለቤቴ ወንድም የሰካው በገና መብራት ገመድ ነበር!

«ውሃ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው»

ስጋው እንዳይደርቅ ሳጥኑ ውስጥ የውሃ ሳህን ይቀመጣል። አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ብቻ 800 ዋት ሰባት ስምንት ደቂቃ ሙሉ ይለፋለታል። ተንኖ እስኪያልቅ ደግሞ ሌላ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የውሃው ሳህን ላይ ፍል ውሃ አድርጉ፤ መጠኑንም ቀንሱ።

«የስጋው ሙቀት ቆሟል፣ ስለዚህ ስሞከሩ ደክሟል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገጣል። ትልቅ ስጋ ከ65 እስከ 77 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ቀጥ ሊል ይችላል። ከላዩ የሚተነው እርጥበት እንደ ላብ ያቀዘቅዘዋል። የሳጥኑ ሙቀት 107 ላይ ካለ ዕቃው ጤነኛ ነው። መታገስ፣ ወይም ስጋውን በፎይል መጠቅለል ነው። መደርደሪያውን ግን ከዳር እስከ ዳር በፎይል አትሸፍኑት፤ ሙቀቱ ወደ ላይ መውጫ ያጣል።

ሳጥኑ ራሱ ቀዝቅዞ ከቀረ ግን ሌላ ነገር ነው። ስጋ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት መቆየት የለበትም፤ ጊዜ ሳትፈጁ ወደ ወጥ ቤት ኦቨን አዛውሩት።

«የላዩን ቀዳዳ ብዘጋው ሙቀቱ አይወጣም»

ጭሱም አይወጣም። ታፍኖ ስጋው ላይ እንደ ጥላሸት ይለጠፍና ይመራል። ሙቀቱን መያዝ ያለበት የበሩ ጎማ ነው። ቅባት ስለሚጠጣ ይጠነክራል፣ ያፈሳል። በለብ ያለ ውሃና ሳሙና እጠቡት።

«ጨርሶ ካልሞቀ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል»

እኔም እንደዚያ ብዬ አዲስ ሬዚስታንስ ላዝዝ ነበር። በመጀመሪያ ነቀልኩትና በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ከኋላ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታሁ። ሬዚስታንሱ ላይ የሚሰኩ ሁለት ሽቦዎች አሉ። የአንደኛው ማገናኛ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጨማዷል፤ በጣቴ ስነካው እንደ ከሰል ተፈረፈረ። ሽቦዎቹን ነቅዬ በቴስተር ሬዚስታንሱን ለካሁት፦ 18 ኦም። ለ800 ዋትና ለ120 ቮልት ልክ የሚጠበቀው ነው፤ ሬዚስታንሱ ምንም አልሆነም። ቴስተሩ ምንም ባያነብ ኖሮ ነው ተቆርጧል የሚባለው።

የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ ጥዬ፣ ንጹሕ መዳብ እስካይ ድረስ ሽቦውን ላጥኩት። ሙቀት የሚችል አዲስ ማገናኛ ገጥሜ አጥብቄ ሰካሁት። ላላ ያለ ማገናኛ ነው ግሎ የሚቃጠለው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። በኤሌክትሪክ እጃችሁ ካልተፈታ ግን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።