የጋቢና ወንበር ሴንሰር ምንድን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ገብታችሁ ሩብ ኩንታል ጤፍ ጋቢና ላይ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ገና ከመነሳታችሁ መኪናው ጢው ጢው ይላል። ጤፉ ቀበቶ ይሰር ነው የሚላችሁ። ይህን የሚያስለፈልፈው ወንበሩ ውስጥ ያለው ሴንሰር ነው።

በአንዳንድ መኪና ከስፖንጁ ሥር የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ነው። ከአሜሪካ በመጣችው የእኔ ኮሮላ ግን ወንበሩ ከነሐዲዱ አራት ሴንሰር ላይ ተቀምጧል። በአጭሩ ሚዛን ነው። የቀበቶው ጩኸት ትንሹ ሥራው ነው። ዋናው ኤር ባጉ ነው፤ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት። ኤር ባግ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚፈነዳው፤ ትንሽ ልጅ ጋቢና ካለ ሊያድነው ሳይሆን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ወይም ክብደቱ ሲያንስ የመኪናው ኮምፒውተር የጋቢናውን ኤር ባግ ያጠፋዋል።

ሴንሰሩ ሲበላሽ ዳሽቦርዱ ላይ የኤር ባግ መብራት በርቶ ይቀራል። ያኔ በአደጋ ጊዜ ኤር ባጉ ላይፈነዳ ይችላል። መጀመሪያ ግን ወንበሩ ሥር እዩ። ጃንጥላና ጀሪካን ስንወሽቅ ሶኬቱን እየጎተትን እናላላዋለን። ቢጫ ሶኬት የኤር ባግ መስመር ስለሆነ የባትሪውን ነጌቲቭ ሳትነቅሉ፣ ከዚያም እንደ እኔ ኮሮላ ከሆነ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳትጠብቁ አትንኩት።

የእኔ ኮሮላ ግን የሶኬት ችግር አልነበረም፤ ሴንሰሩ ራሱ ነበር የተበላሸው። አንድ መካኒክ «አብሽር፣ ሴንሰሩን አልፌ ዳይሬክት አደርገዋለሁ» አለኝ። መብራቱ ይጠፋ ይሆናል። ግን ኮምፒውተሩን «ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ተቀምጧል» ብሎ መዋሸት ነው። ልጄ ዘላ የምትገባው እዚያው ጋቢና ነው። አይሆንም አልኩት።

ሴንሰሩ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሸጥም፤ ከነወንበሩ ብረት ነው የሚመጣው። መግጠሙ ቀላል ነው፤ አራት ቡሎን ነው። ሥራው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሚዛን በዲያግኖስቲክ ማሽን ዜሮ መደረግ አለበት፦ ወንበሩ ባዶ፣ መኪናው ሜዳ ላይ። ደሴ ላይ ሜዳ! ቆመን የምናወራበት እንኳ ዳገት ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ገባን።

ዜሮ ከሆነ በኋላ 30 ኪሎ ተጭኖ ይፈተናል። ማሽኑ ከ27 እስከ 33 ካነበበ ደህና ነው። 25 ኪሎ ዱቄትና 5 ኪሎ ስኳር ከጎረቤት ሱቅ ተዋስን። ስክሪኑ 29 አለ። ባለሱቁ ሚዛኔ ትክክል ነው ብሎ ከመካኒኩ ጋር ሲከራከር ትቻቸው ወጣሁ።