መብረቅ የመታውን ሰው ንኩት!

ጅማ ክረምት ሲገባ በጅሬን በኩል ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ሱቅ በር ላይ አስቁሞን ስለ መብረቅ የሰማሁት ወሬ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

«መብረቅ የመታው ሰው ኮረንቲ ይይዛል፣ ከነካችሁት እናንተንም ይጨምራል።» እንዲህ ያሉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ የቆምነውም ራሳችንን ነቀነቅን። እውነት አይደለም። ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኮረንቲ የለም። በመብረቅ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ልቡ ቀጥ ስለሚል ነው፤ ያኔ ታዲያ ሰዉ ፈርቶ ዙሪያውን ቆሞ ካየው ሊተርፍ የሚችለው ሰው እዚያው ያልፋል። ካልነቃና ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኙት። ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ የደረቱን መሀል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሰረጉድ ጫኑ፣ ልቀቁ፣ ጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይተካችሁ፣ አንዱ ደግሞ መኪና ይፈልግ። የተበጠሰ የመብራት ሽቦ የያዘው ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መብራቱ ሳይቋረጥ እንዳትጠጉት።

«ዛፍ ሥር ይሻላል» የሚሉም አሉ። ከዝናቡ ይሻል ይሆናል፣ ከመብረቅ ግን ዛፍ ሥር ከመቆም የባሰ ነገር የለም። ባጃጅም አያድንም፤ ጣሪያው ሸራ፣ ጎኑ ክፍት ነው። ቤት ግቡ፣ ወይ በሩና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ቆዩ። ርቀቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ታገሡ።

«እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፍ ከየት ይመጣል?» ከላይ ነዋ! ከተማው ውስጥ ፀሐይ ወጥቶ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ ተራራው ላይ የዘነበው የአዌቱን ወንዝ ሊሞላው ይችላል። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማንጋጋት ከጀመረ፣ ከዳር ራቁ። «ጉልበት አይደርስም፣ እሻገረዋለሁ» ማለትም አያዋጣም፤ የሚምዘገዘግ ውኃ ቁርጭምጭሚት አለፍ ካለ ትልቅ ሰው ይጥላል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ እባካችሁ ድልድይ ድልድዩን ላኳቸው።

የመሬት መንቀጥቀጡን ባጭሩ ልበለው። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናወጥ «ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይመታል» የሚል መልእክት በየስልኩ ይዞር ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ ሊናገር የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ የለም። አታስተላልፉት።

«ተራራ አንዴ ከተናደ በቃ፣ ሌላ አይናድም» የሚለው ግን ያመኛል። በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን ላይ የሆነውን አስታውሱ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት አፈር ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። ወገን ከአፈር ሥር እያለ ቁሙ ማለት ይከብዳል። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሰው ሽቅብ ተራራውን እያየ ይቁም፤ አዲስ ስንጥቅ ወይም የሚያዘነብል ዛፍ ካየ ይጩህ፣ ሌላውም የያዘውን ጥሎ ወደ ጎን ይሩጥ።