የደም ምርመራና የትርፍ አንጀት ሕመም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሰው ሆዱን ሲያመው ቶሎ የምንጠይቀው «ደም ተመረመርክ?» ብለን ነው። መመርመሩ ጥሩ ነው። የትርፍ አንጀት ሕመምን ግን የደም ውጤት ብቻውን አይለይም፤ ይህን ባለማወቅ ሰው ይጎዳል።

«ነጭ የደም ሕዋስ ካልጨመረ ትርፍ አንጀት አይደለም»

አብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ይጨምራል፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። የሳንባ ምችም ይጨምረዋል፤ ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ምንም ሳይኖርባት ከፍ ይላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውና ሐኪሞች የትርፍ አንጀት ጥርጣሬን በነጥብ ለመመዘን ዛሬም የሚሠሩበት የአልቫራዶ መለኪያ ከ10 ነጥብ ለደም ምርመራ የሚሰጠው 3 ብቻ ነው። ሌላው 7 ከራሱ ከታማሚው ነው የሚገኘው። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ወርዷል? ምግብ አስጠልቶታል? አቅለሽልሾታል? አተኩሶታል? ቦታው ሲጫኑት፣ ተጭነው ድንገት ሲለቁትስ ያመዋል?

«ሲአርፒ ኖርማል ነው፣ ወደ ቤት ግባ»

ሲአርፒ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ደም ውስጥ እስኪታይ ሰዓታት ይፈጅበታል። ጠዋት የጀመረ ሕመም ከሰዓት ሲመረመር ኖርማል ቢል አይገርምም። ሕመሙ ካልለቀቀ ከሰዓታት በኋላ እንደገና መለካት አለበት። ነጭ የደም ሕዋሱም ሲአርፒውም ኖርማል ከሆኑ የትርፍ አንጀት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም።

«ታይፎይድ ተገኝቶብኛል፣ ስለዚህ ትርፍ አንጀት አይደለም»

እኛ አገር በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚታዘዘው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ ቀድሞ ታይፎይድ የያዘውን ወይም የተከተበን ሰውም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ሰውየው መድኃኒቱን ይዞ ቤቱ ይተኛል፤ ትርፍ አንጀቱ እዚያው እየባሰበት ነው። ሽንትም እንዲሁ ያሳስታል። የተቆጣው ትርፍ አንጀት የሽንት ቱቦውን ወይም ፊኛውን ከነካ ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ ይታያል፤ ከዚያ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ይባላል።

«አሁን በአንድ ምርመራ ቁርጡ ይታወቃል»

ገና ነው። ልጆች ሽንት ውስጥ የሚፈለጉ ፕሮቲኖች እየተጠኑ ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ንጥረ ነገር ከፍ ማለቱም ትርፍ አንጀቱ ሳይፈነዳ አልቀረም ብሎ ለመጠርጠር ያግዛል። ሐኪሙ ግን አሁንም ምልክቱን፣ ደሙንና አልትራሳውንዱን ወይም ሲቲ ስካኑን አንድ ላይ ነው የሚያየው።

«ሕመሙ ድንገት ጋብ ካለ አልፏል»

አንዳንዴ ጋብ የሚለው ስለፈነዳ ነው። ቆይቶ ሕመሙ ሆድን በሙሉ ያዳርሳል፤ ሆድ ይጠነክራል፣ ትኩሳቱም ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ የትናንቱ ውጤት ኖርማል ቢልም በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።