ስለ ቲዩብ ራዲዮ የሚባለውና እውነታው

«እስቲ ሰክተን እንሞክረው»

አዳማ ውስጥ ከአያት ቤት ወይም ከቆራሌ የተገኘ አሮጌ ቲዩብ ራዲዮ (በትራንዚስተር ፈንታ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ) ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በዚች ሙከራ ነው። ለዓመታት መብራት ያላገኘ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሳሳል። ድንገት 300 ቮልት ገደማ ሲመጣበት ሾርት ያደርግና ሬክቲፋየሩን (ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥታ የሚቀይረውን)፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩን ይዞ ይሄዳል።

የበለጠ የሚያስፈራው ግን ድምፁን ወደ መጨረሻው ቲዩብ የሚያሻግረው ትንሹ የወረቀት ካፓሲተር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 22 ናኖፋራድ። ጥቂት ኮረንቲ ካሳለፈ የቲዩቡ ግሪድ (ፍሰቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ያርፍና ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ስቦ ይቃጠላል። ደህና ይመስላል ብላችሁ አትተዉት፤ መጠኑ ተመሳሳይ በሆነና 630 ቮልት በሚችል ፊልም ካፓሲተር ለውጡት።

ከዚያ ከጀርባ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ እዩ፤ 110 ወይም 127 ላይ የቀረ ካለ ወደ 220 መልሱት። መጀመሪያ ስትሰኩ 60 ዋት ባለ ክር አምፖል በሲሪስ (ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ወደ ራዲዮው እንዲሄድ) አስገቡ (ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም)። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ቀጥሉ። በሙሉ ኃይሉ እንደበራ ከቀረ ወዲያው ንቀሉ።

«አናቱ የጠቆረ ቲዩብ ያለቀ ነው»

አናቱ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ብርማ ቅብ ጌተር ይባላል። ባሪየም ነው፤ ሥራው የተረፈውን አየር መያዝ ነው። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ። ወተት መስሎ ከነጣ ግን አየር ገብቶበታል፤ ለመደርደሪያ እንጂ ለሥራ አይሆንም። ራዲዮው ከተንኮሻኮሸም ቲዩብ ከመግዛታችሁ በፊት እግሮቹንና ሶኬቱን በኮንታክት ክሊነር አጽዱ።

«ከተነቀለ ኮረንቲ አይይዝም»

ይይዛል። ካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረውን ኮረንቲ በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሱና በቴስተር አረጋግጡ። ቲዩቦቹ እንደ ዩሲኤች42 እና ዩኤል41 በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ ደግሞ ሻንሲው (ዕቃዎቹ የተተከሉበት ብረት) ራሱ ከመብራት መስመሩ ጋር የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል፣ እንደተሰካ በባዶ እጅ አትንኩት።

«በደንብ ካልተወለወለ አያምርም»

በዚህ ጉዳይ ንጹሕ የመሆን ፍቅር ብዙ ዕቃ አበላሽቷል። የጣቢያ ስሞቹ የተጻፉት በጣቢያ ማሳያው መስታወት ጀርባ ስለሆነ አልኮል ቀርቶ እርጥብ ጨርቅ እንኳ ሊያነሣቸው ይችላል፤ ከፊት ብቻ ጥረጉ። የቲዩብ ቁጥርም በጣት ሳይቀር ይጠፋል። ከጠፋ ቲዩቡን ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩና ስታወጡት እፍ በሉበት፤ ጭጋጉ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ለአፍታ ይታያል።

«አዳማ ደረቅ ነው፣ ዕቃ አያበላሽም»

እርጥበቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ፀሐይና አቧራ ነው። በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚመታው ሣጥን ቀለሙ ይለቃል፣ ስሱ የእንጨት ልባጡም ይነሣል። አቧራው ጣቢያ በሚፈልገው ቫሪየብል ካፓሲተር ቅጠሎች መካከል ይገባና ስታዞሩት ይንጫጫል። በለስላሳ ብሩሽና በአየር አውጡት፤ ቅጠሎቹ ከተጣመሙ ጣቢያው ከቦታው ይሸሻል።

«ኤፍኤሙ ግማሹን ጣቢያ አይዝም፣ ተበላሽቷል»

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የጀርመን ራዲዮኖች ኤፍኤማቸው 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያበቃል። ሲሠሩም እንደዚያው ነበሩ።